የቀነሰውን ክብደት ስለ መጠበቅ

ዐቢይ ጾም ሲፈታ በየቤቱ የሚሆነውን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ፥ ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ የቆየ ሰውነት በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፤ በማግሥቱ በግ ይታረዳል፤ ቅርጫውም ይከተላል። ከዚያ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ይህ የደስታ ሥርዓት ነውና በሥርዓቱ ላይ የምንለው ነገር የለንም። ዳሩ ግን በጾሙ ወራት ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ያጠበቀው ሰው፥ ሰኔ ሳይጋመስ ሦስት ቀዳዳ ሲያላላ እናያለን።

ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ስለ ጾም ለማስተማር አይደለም፤ ስለ ጾም ብዙ ተጽፏል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አንድ ሰው በሐኪም ምክር ወይም በገዛ ፈቃዱ ክብደቱን ከቀነሰ በኋላ፥ ያ የቀነሰው ሲመለስበት ጥፋቱ የማን ነው? ሆዳም ሆኖ ነውን? ወይስ ፈቃዱ ደክሞ? እኛ መምህራን ለዚህ ፈጣን መልስ አለን፤ ፈጣን መልስ ግን ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

ይህን ስንል ራሳችንን ከነቀፋ አውጥተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው አነጋገሩን። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሐኪም ክብደት እንዲቀንሱ አዝዞአቸው፥ በብዙ ድካም 12 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ዓመቱ ሲዞር ግን 10ሩ ኪሎ ተመልሶባቸዋል። «አባታችን፥ እንደ ድሮው አልበላም እኮ፤ እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?» አሉን። እኛም ነገሩን ሳናመዛዝን፥ «እማማ፥ ሆድን ካልገዙት ይገዛል» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ መስቀላችንን ተሳልመው ዝም ብለው ሄዱ። ያ የተናገርነው ቃል ቆይቶ በራሳችን ላይ ዞረ።

በተማሪነታችን ዘመን ክብደት የሚባል ነገር ለእኛ ጥያቄ አልነበረም። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግበን፥ ለቅኔ ወደ ጎጃም ለአቋቋም ወደ ጎንደር ስንሄድ መንገዱን የምንለካው በእግራችን ነበር። ከመንደር የተለመነው ቁራሽ ለሦስት ይካፈላል፤ ውሻው ያሯሩጣል፤ ሌሊቱም በቃል ትምህርት ያልፋል። በዚያ ወራት ቀጭኖች ነበርን፤ በኋላ ላይ ይህን ከትዕግሥታችን ቆጥረን ለተማሪዎቻችን እንደ ምሳሌ አወራንላቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ቀጭኖች የነበርነው ሁለተኛ ቁራሽ ስላልነበረ ነው። የሌለውን አለመብላት በምግባር መዝገብ አይጻፍም።

አዲስ አበባ ገብተን የማስተማር ሥራ ከያዝን በኋላ ግን ወንበርና ታክሲ አገኘን። በየሳምንቱ ክርስትና፥ ተዝካር፥ ማኅበር፥ ሠርግ አለ፤ ካህን ያልተጠራበት ድግስ የለም። በጾምም ቢሆን የከተማው ገበታ ዘይት አይጐድለውም፤ ሳምቡሳውና ጥብሱ፥ ዳቦውና ስኳር የበዛበት ሻይ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁሉም በአንድነት ይመጣሉ። (ከቅቤ መለየት ብቻውን ከመብል መለየት የሚመስለው ሰው ቢኖር የቤቱን የዘይት ጠርሙስ ይመልከት።) ዕድሜያችን 50 ሲሞላ ሚዛኑ 94 ኪሎ አነበበ፤ የደም ግፊትም ተገኘብን። ሐኪሙ መከረን፤ እኛም እራት ቀንሰን፥ በእግር መሄድ ጀምረን፥ በስምንት ወር 14 ኪሎ ቀነስን። ወዳጆቻችን አመሰገኑን፤ እኛም ምስጋናውን ወደድነው። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ግን 9ኙ ኪሎ ተመለሰ። እንደ ድሮው አልበላንም ነበር። ያን ጊዜ እናቲቱ ትዝ አሉን።

ሊቃውንተ ሕክምና ስለዚህ ነገር የጻፉትን ማንበብ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው አንድ አሮጌ ምርመራ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፥ አንሴል ኪስ የተባለ ሊቅ 36 ወጣቶችን ለጥናት ተቀበለ። እነዚህ ወጣቶች ሰው መግደልን ኅሊናቸው ስለ ከለከላቸው ለውጊያ አንዘምትም ያሉ ነበሩ፤ በጦርነት የተራበው ሕዝብ እንዴት እንደሚያገግም ይታወቅ ዘንድ ረኀቡን በፈቃዳቸው ተቀበሉ። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀነሰ፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህል አጡ። ቀን የሚያወሩት፥ ሌሊት የሚያልሙት ስለ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡም ከመካከላቸው ተገኙ። ማዕዱ እንደ ልብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ረኀቡ የማይለቃቸው ነበሩ፤ የሰውነታቸውም ስብ ከቀድሞው መጠን አልፎ ሄደ።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ሆዳሞች ልንላቸው እንችላለንን? ለባልንጀራቸው ሲሉ የተራቡ ናቸው። ፈቃዳቸው ደካማ ነበር ማለትም አይቻልም፤ መንግሥትን «አልዋጋም» ለማለት የበቃ፥ ስድስት ወርም ረኀብን የቻለ ፈቃድ ደካማ አይባልም። ይህ ከሆነ፥ እናቲቱን የነቀፍንበት ቃል ከመሠረቱ ተናግቷል።

የነገሩ ምክንያት ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ታውቋል። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ፥ ከሰውነት ስብ ወደ አንጎል «ስንቅ አለ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር መኖሩን ደረሱበት፤ ስሙም ሌፕቲን ተባለ። ስያሜው ሌፕቶስ፥ ማለት ቀጭን፥ ከሚለው የጽርእ ቃል የወጣ ነው። ሰው ሲቀንስ መልእክተኛው ያንሳል፤ አንጎልም ራብ የገባ መስሎት ረኀብን ያበዛል፥ የሰውነትንም ወጪ ይቆጥባል። በ2011 በሜልቦርን የወጣ ጥናት፥ 50 ሰዎች በ10 ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ ከቀነሱ በኋላ፥ ረኀብን የሚቀሰቅሱት የሰውነት መልእክቶች ዓመት አልፎም ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳየ። በ2016 የታተመው ደግሞ በቴሌቪዥን ክብደት በመቀነስ የተወዳደሩ 14 አሜሪካውያንን ነው፤ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ 41ዱ ኪሎ ተመልሶ ተገኘ። ሰውነታቸውም ዐርፎ ሳለ በቀን የሚያወጣው ኃይል ለክብደታቸው ከሚገባው በ500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ይህም የአንድ መጠነኛ ማዕድ ያህል መሆኑ ነው። ከጎረቤቱ ጋር በክብደት እኩል የሆነ ሰው፥ ከጎረቤቱ አንድ ማዕድ አሳንሶ ካልበላ ይወፍራል ማለት ነው።

ክፉ ቀን ያየ ገበሬ ጥጋብ ቢመጣም ጎተራውን ከመሙላት አይቦዝንም፤ ልጆቹ ቢስቁበትም እርሱ የሚያስታውሰውን ያስታውሳል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ፈጣሪ ያኖረበት ይህ ጥበቃ በብዙ የራብ ዘመን አባቶቻችንን አትርፏል፤ እኛንም እዚህ ያደረሰን እርሱ ነው። ስለዚህም እንደ ጠላት ልንረግመው አይገባንም።

ይሁን እንጂ ከአንዱ ስሕተት ወጥተን ወደ ሌላው እንዳንወድቅ ያስፈራል። «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ እጅን ሰጥቶ መቀመጥም አለ፤ እኛም ጥቂት ወራት ያደረግነው ይህንኑ ነው። የገዳም አባቶች የሚመጣውን ሐሳብና ለመጣው ሐሳብ መስማማትን ለይተው ያስተምራሉ። ሐሳቡ መምጣቱ በእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ማሳደሩ ግን የእኛ ፈንታ አለበት። ረኀቡም እንዲሁ ነው። ረኀቡ ስለ ጸና ሰው አይወቀስም፤ ወቀሳ ቢኖር እንኳ ረኀቡ በጸናበት ሰዓት ስለሚያደርገው ነው፤ ያም ቢሆን የሸክሙን ክብደት ባወቀ ዳኛ ፊት መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች እኩል ዳገት ቢወጡ፥ አንዱ ባዶ እጁን አንዱ ኩንታል ተሸክሞ ቢሆን፥ ቀድሞ የደረሰውን ብቻ ማመስገን ፍርድ አይደለም።

በወንጌል፥ ርኩስ መንፈስ የወጣለትን ሰው ነገር እናነባለን፤ ቤቱ ተጠርጎና አጊጦ ባዶውን ስለ ተገኘ፥ የወጣው ከእርሱ የባሱ ሰባት ይዞ ተመለሰ። ይህን ለክብደት ነገር መጥቀሳችን ድፍረት እንዳይሆንብን እንጂ፥ ጉዳዩ ይመሳሰላል። ብዙዎቻችን ቤቱን ለመጥረግ ስንበረታ፥ በወጣው ምትክ የሚገባውን አናዘጋጅም። ስምንት ወር የደከምነው ለመጨረስ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ወንበራችን ተመለስን። ክብደት መቀነስ መጨረሻ አለው፤ መጠበቅ ግን መጨረሻ የለውም። በዚህም ምክንያት የሚያመሰግን አያገኝም፤ «ዘንድሮም እንደ አምናው ነህ» ብሎ የሚያደንቅ ማን አለ?

የሚጠብቁትስ በምን ይጠብቃሉ? በአሜሪካ በ1994 የተጀመረ አንድ መዝገብ አለ፤ ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ቀንሰው አንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎች ይመዘገቡበታል፤ ቁጥራቸውም ከ10,000 በላይ ሆኗል። መዝገቡ የተሳካላቸውን እንጂ ያልተሳካላቸውን ስለማይጽፍ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ሆኖም አብዛኞቹ የሚናገሩት ተቀራራቢ ነው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፥ ይልቁንም በእግር ይሄዳሉ፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ በበዓልና በአዘቦት የአመጋገባቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የጠበቀ ሰውም ከዚያ በኋላ የመጽናት ተስፋው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለአዋቂ ሁሉ የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ የቀነሰውን ለመጠበቅ ግን ወደ ላይኛው መጠን መጠጋትና ማለፍም ሳያስፈልግ አይቀርም። ከተወዳዳሪዎቹም መካከል የበለጠ ጠብቀው የተገኙት የበለጠ የሚንቀሳቀሱት ነበሩ።

በዚህ ዘመን በየሳምንቱ የሚወጋ መድኃኒትም መጥቷል፤ ረኀብን ያበርዳል። መድኃኒቱን መውሰድ ነውር ነውን ብለው የሚጠይቁን አሉ። ነውር አይደለም፤ ሐኪም ያዘዘውን መውሰድ ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? ብቻ በ2022 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፥ ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተዋል። መጠበቁ በመርፌም ቢሆን መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንናገር። ለመልክ ወይም ለሚዛን ብሎ ከምግብ መከልከል ጾም አይደለም፤ ስግደትንም ለቦርጭ ብሎ መስገድ አይገባም። ሰውነቱን ለማጽናት የሚሻ በእግሩ ይሂድ፤ ስግደቱን ለስግደት ይተወው። ከግብጽ በረሓ አባቶች አንዱ፥ ሁለትና ሦስት ቀን ከምግብ ተለይቶ ከመቆየት ይልቅ በየቀኑ ሳይጠግቡ ጥቂት መብላትን መምከሩ ይነገራል። ይህ ምክር ለመነኰሳት የተሰጠ ነው፤ ለበዓለ ሃምሳ ገበታም ሳይጠቅም አይቀርም።

ስለ ጋባዦችም ሳንናገር አናልፍም። «በሞቴ» የሚለው ቃል የፍቅር ቃል ነው፤ በፍቅር ውስጥ ግን ማስገደድ አለ። እንግዳው «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል ሁለተኛ «በሞቴ» ማለት፥ ኩንታል በተሸከመው ላይ ቁና መጨመር ነው። ካህን ሲሆን ደግሞ እንቢ ማለቱ እንደ ንቀት ይታይበታል። እኛ አሁን የመጀመሪያውን ጉርሻ እንቀበላለን፤ ለሁለተኛው እጃችንን በመስቀሉ ላይ አድርገን እንባርካለን። አንዳንድ እመቤቶች ተቀይመውናል።

እናቲቱንም በአንድ ሰንበት አግኝተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ኧረ አባታችን፥ ረስቼው ነበር» አሉን። እንዳልረሱት ግን ከፊታቸው አየን። ስለ ሐኪማቸው፥ ስለ ጉልበታቸውም ጠየቅናቸው፤ በጠዋት ከልጅ ልጃቸው ጋር እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው እንደሚመለሱ ነገሩን።

እኛ ከቤታችን እስከ ደብሩ 40 ደቂቃ በእግር እንሄዳለን፤ ታክሲ የምንይዘው ዝናብ ሲበረታ ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር ሚዛን አስቀምጦ የሚመዝን አንድ ልጅ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማችንን አውልቀን እንቆምለታለን። ባለፈው ቅዳሜ አጎንብሶ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ፥ «አባ፥ ካለፈው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ጨምረዋል፤ ሠርግ ነበር እንዴ?» አለን። ሠርግ ነበር።