ለጨዋታም ደቦ እንውጣ

መንዝ፣ ሞላሌ ውስጥ ልጆች ሳይክል የሚያዞሩበት ሜዳ ዳር ለአፍታ ቁሙ። አንዱ ይነዳል፣ ሦስቱ ከኋላው ይሮጣሉ፣ የቀሩት «ተራዬ ነው» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ከዳር ደግሞ የሁሉንም ጃኬትና ደብተር ታቅፎ የተቀመጠ ልጅ አይጠፋም። እግሩ አልታዘዝ ስላለው ወይም ዐይኑ ስለማያይ ዕቃ ጠባቂ ሆኗል። አትጫወት ብሎ የከለከለው የለም፤ «ተራህ ደርሷል» ያለውም የለም።

የመንዝ ሰው ለተቸገረ መድረስን ከሌላ አይማርም። ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ጦም እንዳያድር ደቦ እንወጣለን፤ ውርጭ እንዳይቀድመን በወንፈል እናጭዳለን። ለአካል ጉዳተኛ ልጅም እጃችን አይታጠፍም፤ ሳንቲም እንሰጣለን፣ እንመርቃለን፣ ከንፈር እንመጥጣለን። ጉድለታችን እዚያው ላይ መቆማችን ነው። ልጁ የሚፈልገው የሳይክሉን ኮርቻ ይዞ አብሮት የሚሮጥ ሰው ነው።

«ቢወድቅብንስ?» ትሉ ይሆናል። ሌሎቹስ ሳይወድቁ ነው የለመዱት? የሸዋው ልጅ አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው። ግን ቤቱ አልተቀመጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ላይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ አሸነፈ። ማየት የተሳናት ያየሽ ጌቴም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ እጅ ለእጅ በክር ተያይዞ ከጎኗ የሮጠ ክንዱ ሲሳይ የሚባል ወጣት ነበር። የእኛም ድርሻ የእሱን ይመስላል፤ ጉልበቱ የልጁ ነው፣ እኛ ከጎኑ እንሮጣለን።

ሥራው ከባድ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ድንጋይ የሌለበት ደልዳላ ሜዳ ምረጡ። ሚዛን ለሚያስቸግረው ልጅ ፔዳሎቹን በመፍቻ ፍቱለት፤ ሁለት እግሩ መሬት እስኪነካ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉና በእግሩ እየገፋ ይልመድ። ሚዛን ሲጠብቅ ፔዳሉን መልሱለት። እግሩ ለደከመ ባለ ሦስት ጎማ ወይም በእጅ የሚዘወር ይሻለዋል። ዐይነ ስውር ልጅ ባለ ሁለት መቀመጫ ሳይክል ላይ ከኋላ ሆኖ ይዘውራል፤ የሚያየው ከፊት መሪውን ይይዛል። መስማት ለተሳነው ፊት ለፊት ቆማችሁ በእጅ ምልክት አሳዩት።

ሳይክሉን አንድ ሰው ይግዛ አላልንም። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ነጋዴው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጋራዥ ያለው ፍሬንና ጎማውን ይይ፤ ጉልበት ያለው ወጣት ይሩጥ።

ሦስት ነገር ግን አደራ። መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት፤ ሳይፈቅድ አትያዙት፣ አታንሡት። ወላጆቹንም አማክሩ፤ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ካለበት የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ፎቶውን በፌስቡክና በቲክቶክ እየለጠፋችሁ መመስገኛ አታድርጉት። ሦስተኛ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንመጣለን ካላችሁ ኑ። ሲጠብቅ ውሎ የቀረበት ልጅ፣ ጭራሽ ካልተጠራው ይልቅ ይከፋዋል።

ይህ የምጽዋት ጉዳይ አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ጨዋታን ከመብት ቆጥሮታል። ማሳ በደቦ ከታረሰ፣ ልጅነትስ ለምን ጦሙን ይደር?

በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያ ሜዳ ውረዱ። ከዳር የተቀመጠውን ልጅ «ተራህ ደርሷል» በሉት። ጃኬቶቹን እናንተ ያዙለት።