በልማድ የሚጸለይ ጸሎት ጸሎት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙዎቻችን የጸሎት መጽሐፋችንን ከመደርደሪያ አውርደን አቧራውን እናራግፋለን። ስልኩ ላይ የጫነውም ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘወረደ፣ እንደምንም ይሄዳል፤ ውዳሴ ማርያሙ ይደገማል፣ ስግደቱም ይሰገዳል። ቅድስትን አልፈን ምኩራብ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ሐሳብ ሹክ ይለናል፤ «አፍህ ነው እንጂ ልብህ እኮ የለም፤ እንዲህ በልማድ ከምታነበንብ ብትተወው አይሻልም?» ይላል።

አንዲት እኅት ከጉባኤ በኋላ ይህንኑ ነገረችኝ። «ዲያቆን፣ ቆሜ እየጸለይኩ የማስበው ስለ ልጆቼ ምሳ ዕቃና ስለ ቤት ኪራይ ነው። በእግዚአብሔር ላይ ያሾፍኩ መሰለኝና ተውኩት» አለች። እንዲህ ላለ ሰው «ዝም ብለሽ ጸልዪ» ብሎ መመለስ አይበቃም። ጸሎቷን ያቆመችው ስንፍና ይዟት ሳይሆን በአምላኳ ፊት ሐሰት ላለመናገር ብላ ነውና። ለመሆኑ ልብ ሳይሰበሰብ የሚደገም ጸሎት ሐሰት ነውን? ሐሰት ከሆነ በእውነትም መተው ይገባል።

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጌታችን የነቢዩ ኢሳይያስን ቃል ጠቅሶ፣ በከንፈራቸው እያከበሩት ልባቸው ከእርሱ የራቀውን ሰዎች የገሠጸበትን ነው (ማቴ. 15፥8)። እውነት ነው፣ ተግሣጹ ከባድ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያሉትን ቁጥሮች እናንብብ። የተገሠጹት ሰዎች ምን አድርገው ነበር? አባትና እናታቸውን የሚጦሩበትን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ ወላጆቻቸውን የሚነፍጉ ነበሩ። ራሱ ኢሳይያስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ጸሎታቸው እንደማይሰማ ሲነግራቸው ምክንያቱን አልደበቀም፤ እጃቸው ደም ስለነካ፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ ፍርድ ስላጡ ነው (ኢሳ. 1፥15-17)። እዚህ ላይ ሐሳቡ ስለ ባከነበት ሰው የተነገረ ነገር የለም።

እንግዲህ የራቀ ልብና የባከነ ልብ ይለያያሉ። የራቀ ልብ ጸሎቱን ጨርሶ ሚዛን ይሰርቃል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ያማትባል፣ ቤቱ ሲገባ ሠራተኛዋን ይሰድባል፣ የወር ደመወዟንም ያቆይባታል፤ ይህም ሆኖ በጸሎቱ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የባከነ ልብ ግን ሲባክን ያዝናል። ያቺ እኅት ስለ ምሳ ዕቃው በማሰቧ ማዘኗ ራሱ ልቧ ያለው የት እንደ ሆነ ይናገራል። ደግሞስ የልጆች ምግብና የቤት ኪራይ ምን ነውር አለው? በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን ያስተማረን ማን ሆነና ነው? ሐሳቧን ከምታባርረው ይልቅ ወደ ልመና ብትለውጠው ይሻላል፤ «ጌታዬ፣ የወሩን ኪራይ አንተ ታውቃለህ» ብላ ወደ ጀመረችው ትመለስ።

አሁን ወደ ልማድ እንምጣ። «በልማድ ነው የሚጸልየው» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ሆኗል። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ጌታችን ወደ ደብረ ዘይት የሄደው እንደ ልማዱ እንደ ነበረ ይነግረናል (ሉቃ. 22፥39)። ያች ሌሊት የተያዘባት ሌሊት ናት። በዚያም በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሲጸልይ፣ በሦስተኛው የተናገረው ያንኑ ቃል እንደ ሆነ ቅዱስ ማቴዎስ ጽፏል (ማቴ. 26፥44)። አንድን ቃል መድገም ብቻውን ከንቱ ንግግር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተጻፈልን ነበር።

ነቢዩ ዳንኤልንም እንይ። ንጉሡ ዳርዮስ እስከ 30 ቀን ድረስ ከእርሱ በቀር ለማንም ልመና እንዳይቀርብ ትእዛዝ ሲያወጣ፣ ዳንኤል ለዚያ ቀን የሚሆን የተለየ ጸሎት አላዘጋጀም። ወደ ቤቱ ገባ፣ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር በተከፈተው መስኮት በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ይህንንም ያደረገው ከዚያ በፊት ያደርገው እንደ ነበረው ነው (ዳን. 6፥10)። ሰው ነውና በዚያ ቀን ልቡ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ መገመት አያቅትም። «ልቤ ሲሰበሰብ እጸልያለሁ» ቢል ኖሮ መቼ ይሰበሰብለት ነበር? ጉልበቱ ግን መንገዱን ያውቀው ነበር።

አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ቃሉንም እንዲህ የመረጡት። ዳዊት «ይነበባል» ብቻ አላሉም፣ «ይደገማል» አሉ። ዕለት ዕለት የምናደርሰውንም «የዘወትር ጸሎት» አሉት። በንባብ ቤት ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተማሪው ዳዊቱን ሲደግም የግእዙን ምሥጢር ሁሉ አይረዳውም። ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ሰው ሞቶበት ወይም በባዕድ ሀገር ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ያ ያልገባው ቃል ከየት መጣ ሳይባል ከአፉ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ይገባዋል። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን መጽሐፍ ዘርግታ የምትቆምበት ቦታም ጊዜም ላታገኝ ትችላለች። ከልጅነቷ ጀምራ በቃሏ የያዘችው ግን ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብም አብሯት አለ።

ሌላም አለ። «እንደምን አደራችሁ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። በቀን ስንት ጊዜ? ማን ይቆጥረዋል! አብዛኛውን ጊዜ ሳናስበው ነው የምንለው። ታዲያ ሳናስበው ነውና እንተወው? አንተወውም፤ ከሠላሳው አንዱን አስበን እንበለው። እናቶቻችን ልጅ ከቤት ሲወጣ «እመብርሃን ትከተልህ» የሚሉት የጸሎት ሰዓት ደርሶ አይደለም፣ በሩ ስለተከፈተ ነው። ጸሎት ከኑሮ ጋር የሚሰፋው በእንደዚህ ዓይነቱ ክር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ እንዳመሰገነ (መዝ. 118፥164) ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች፤ ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት ይደነግጋል። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ናቸው። «ይህማ የመነኮሳት ነው» የሚል አይጠፋም። ሙሉውን ሥርዓት ማድረስ በእርግጥ ለቢሮ ሠራተኛውም ለታክሲ ሾፌሩም ይከብዳል። ግን ሰዓቱን ማሰብ ማንን ያቅተዋል? ደግሞ የሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፉ ጋር አንድ መሆኑ ለእኛ ስጦታ ነው፤ እዚያ 6 ሰዓት ሲል እዚህም 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በ6 ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን መስጠቱን ማሰብ ይቻላል። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ የወጣው በ6 ሰዓት ነበር፣ ያውም ርቦት ምግብ እየተሰናዳለት (ሐዋ. 10፥9-10)። የምሳ ሰዓት ማለት ነው! መርካቶ ሱቁ ውስጥ ያለ ነጋዴ በ6 ሰዓት በልቡ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቢያደርስ ከገበያው ምን ይጎድልበታል? ምናልባት ሚዛኑ ይስተካከል ይሆናል እንጂ።

በዚህ ጾም የምናስበውን መፃጉዕንም እናስታውስ። 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያይቱ አጠገብ ተኝቶ ነበር። (የኋላ ታሪኩን ለጊዜው እንተወው።) ውኃው በታወከ ቁጥር ሌላው ይቀድመዋል። «ዛሬም ባዶዬን ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ጌታ በመጣ ቀን በቦታው ባልተገኘም ነበር። ልባችን በደረቀበት ቀን የምናደርሰው ጸሎት እዚያው ቦታ መገኘት ነው።

አጀማመሩ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ብዙዎቻችንን የሚጥለን አበዛዙ ነው። በመጀመሪያው ቀን መልክአ መልክኡን ሁሉ ደርድሮ በሦስተኛው ቀን ከሚደክም፣ ፊቱን ታጥቦ ወደ ምሥራቅ ቆሞ የዘወትር ጸሎቱንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያጓድል የሚያደርስ ይበልጣል። ሐሳብ ሲባክን ካወቅንበት ቃል ላይ መቀጠል ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር የሚል፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሳይጨርስ ይነጋበታል። የተጣላነው ሰው ትዝ ካለን ግን ያ ብክነት አይደለምና ስልኩን አንሥተን እንደውልለት።

መጠኑን የሚወስንልን ንስሐ አባታችን ነው። በዚህ ጾም ስንጠይቃቸው ለ55ቱ ቀናት የሚሆነውን ብቻ አንጠይቅ፤ «አባ፣ ከፋሲካ በኋላስ የቱን ልያዝ?» እንበላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።