ተራን ስለ መጠበቅ

ስለ ትዕግሥት ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ታላላቁን መከራ ነው፤ ሕመምን፥ ስደትን፥ እስራትን። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መከራ በሰው ዕድሜ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፥ ተራ መጠበቅ ግን የየዕለቱ ዕጣችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ ትንሹን ትዕግሥት ነው። ምሳሌያችን ምናልባት አንባቢን ያስገርም ይሆናል፤ የጎልፍ ጨዋታ ነውና።

ጎልፍ ለአዲስ አበባ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ፥ እንዲሁም በከተማዋ ምዕራብ ከኮልፌ ቀራንዮ ብዙም ሳይርቅ በአሮጌው አየር ማረፊያ በኩል ሜዳ ተሠርቶለታል። ኳስን በዱላ መምታትም ቢሆን ከአባቶቻችን የገና ጨዋታ የምናውቀው ነው። ልዩነቱ ግን በገና ጨዋታ ሁሉም በአንድነት ሩሯን ተከትሎ ይሮጣል እንጂ ተራ የሚባል ነገር የለም። (በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለውም ለመቆጣት ጊዜ ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም።) በጎልፍ ግን ሥራው ሁሉ ተራ ነው።

አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓድ አለው፤ ተጫዋቾችም ብዙውን ጊዜ አራት አራት እየሆኑ በተከታታይ ይወጣሉ። ኳሱ ጠንካራ ስለ ሆነ ሰውን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከፊት ያሉት ኳሱ ከሚደርስበት ርቀት ሳያልፉ ከኋላ ያሉት አይመቱም። እንግዲህ ከፊተኛው ቡድን አንድ ሰው ቢዘገይ መዘግየቱ ከቡድን ወደ ቡድን እየተሻገረ እስከ መጨረሻው ተጫዋች ይደርሳል፤ በአራት ሰዓት ያልቅ የነበረውም ዙር አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አሁን ትንሽ ስሌት እናድርግ። በአንድ ዙር 90 ጊዜ የሚመታ ሰው እያንዳንዱ ምት 2 ሴኮንድ ቢወስድበት፥ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በመምታት የሚያሳልፈው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው መራመድና መጠበቅ ነው። ጨዋታውን የሚወድ ሰው፥ መጠበቁን ከጠላ፥ ከጨዋታው የሚወደው እጅግ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው።

ትዕግሥት ያጣ ተጫዋች ምን እንደሚሆን ማየት አያስቸግርም። ዓይኑ ከፊቱ ባሉት ሰዎች ላይ ይተከላል፤ ስንት ጊዜ እንደተለማመዱ፥ ስንት ጊዜ ሣሩን እንደ ዳበሱ ይቆጥራል። በመጨረሻ ተራው ሲደርስ ልቡ ገና እነርሱ ዘንድ ነው፤ ያባከኑበትን ጊዜ በአንድ ምት ሊያስመልስ ይቸኩላል፥ ኳሱም ወደ ጫካ ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አሳቡን ለአራት ሰዓት ያህል እንደ ክራር አውታር ወጥሮ ለመያዝ የሚታገል አለ፤ እርሱም ከዙሩ እኩሌታ ሳይደርስ ይዝላል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚመክሩት ከሁለቱም የተለየ ነው። በምትና በምት መካከል አሳባቸውን ያላሉታል፤ ዛፉን ያያሉ፥ ከባልንጀራቸው ጋር ይጨዋወታሉ። ተራቸው ሲቃረብ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዝግጅት አሳባቸውን ይሰበስባሉ፤ ርቀቱን ይገምታሉ፥ ዱላውን ይመርጣሉ፥ አንድ ጊዜ ይተነፍሳሉ፥ ይመታሉ።

ቋንቋችን ይህን ነገር አስቀድሞ ያወቀው ይመስለናል። «ጠበቀ» ስንል ሁለት ነገር ልንል እንችላለን። አንዱ መጥበቅ ነው፤ እንደ ቋጠሮ መክረር። ሁለተኛው መጠበቅ ነው፤ ይህም ደግሞ በራሱ ሁለት ፍች አለው፤ ተራውን የሚጠብቅና በጎቹን የሚጠብቅ በአንድ ግሥ ይነገርላቸዋል። እረኛ ቀኑን ሙሉ ጡንቻውን ገትሮ አይውልም፤ ዋሽንት ይነፋል፥ ጥላ ሥር ያርፋል። ነገር ግን ነቅቶ አለ። እንግዲህ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ጊዜ የሚገፋ ሳይሆን አንዳች ነገር የሚጠብቅ፥ የተሰጠው አደራ ያለበት ሰው ነው። ምንን ነው የሚጠብቀው? ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ትዕግሥትን ከብርታት ወገን ቆጥሮ ሥራዋን ሲገልጥ፥ የልቡናን መልካምነት ኀዘን እንዳያሸንፈው የምትጠብቅ ናት ይላል። እዚህ ላይ አማርኛችን ከላቲኑ ይልቅ ይረዳናል።

ነገር ግን ከባዱ ጥያቄ ገና አልተነካም። እኔ ስታገሥ፥ የሚያዘገየኝ ሰው ነጻ ወጣ ማለት ነውን? በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ለመምታት የሚከለክለው ነገር ከሌለ ከ40 ሴኮንድ በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ የጠፋ ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀደውንም ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ዝቅ አድርጓል። ዝግጁ የሆነ ሰው አደጋ እስከሌለው ድረስ ተራውን ሳይጠብቅ እንዲመታም ያበረታታል። በዝግታ የሚጫወት ቡድን ከኋላው ያሉትን ፈጣኖች ማሳለፉ ደግሞ የቆየ ጨዋነት ነው። ስለዚህ በሜዳው ላይ ሁለት ዕዳዎች አሉ፤ የሚጠብቀው ትዕግሥት፥ የሚያስጠብቀውም ለሌላው ጊዜ መጠንቀቅ አለበት። አንዱ ዕዳውን መክፈሉ የሌላውን አይሰርዝም።

መዘግየት ሁሉ ግን በደል አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ መጥቶ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተምሯል፤ ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ሁለት ወር ያህል እንደሆነው ወደ አገሩ ተጠርቶ ሄደ፥ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፥ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ 27 ዓመት ታሰረ። ይህ የፈጥኖ ደራሽ ተማሪ በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፥ በእስር ቤት ዳማ ሲጫወት እጅግ ዘገምተኛ ነበር፤ እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድሞ እያመዛዘነ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። ለችኩል ተጋጣሚ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። በደል ነውን? አይመስለንም። ጊዜ ሞልቶ በተረፈበት፥ ማንም ከኋላ ተሰልፎ በማይጠብቅበት ቦታ፥ ማሰብ የማንንም አይወስድም።

በኮልፌ ቀራንዮ ግን ሁልጊዜ ከኋላ የሚጠብቅ አለ። ጠዋት በጦር ኃይሎች በኩል የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ ሰው ይህን ያውቃል። ተራ አስከባሪ የሚባል ሥራ በከተማችን የተፈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ተራ» የሚለው ቃል ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ እንደ አጠና ተራ የቦታ ስም ይሆናል፥ ሰልፍ ይሆናል፥ የመድረሻ ጊዜ ይሆናል፤ ዝነኛ ያልሆነውንም ሰው ተራ ሰው እንለዋለን። ተራ መያዝ ማለት ከተራዎች አንዱ መሆንን መቀበል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያንገበግበን የጠፋው ሩብ ሰዓት ሳይሆን ይህ ይመስለናል፤ እንደማንኛውም ሰው መቆጠራችን።

ዘገምተኛነትና ዐመፅ ግን ይለያያሉ። አሮጊቷ ወደ ታክሲው ለመውጣት ብትዘገይ መታገሥ ተገቢ ነው። ጉልበተኛ ሰልፉን ጥሶ ቢገባ፥ ወይም ጉዳይ አስፈጻሚው ዘመዱን በጓሮ በር ቢያስገባ፥ ዝም ማለት ትዕግሥት አይባልም። ራሱ ቅዱስ ቶማስ በሚገባ ቦታ አለመቆጣትን ጉድለት ብሎ ቆጥሮታል። ስለ ትዕግሥት የምንሰብክ ሁሉ ልንጠነቀቅ የሚገባን እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥትን መምከር የሚቀለው ተራው እንደሚደርስ ለሚያውቅ ሰው ነውና። በጎልፍ ሜዳ ላይ የሌላውን ዱላ ተሸክሞ አምስት ሰዓት የሚቆም ወጣት ከተጫዋቹ እኩል ይጠብቃል፤ የመምታት ተራ ግን የለውም። ዙሩ በዘገየ ቁጥር የሚጎዳው እርሱ ነው፤ የእርሱን ድካም የሚቆጥር ግን እምብዛም አይገኝም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ሁሉ በየክፍላቸው ያገኙታል። አንድ ሕፃን ቆሞ ሲያነብ ፊደሉ ይጠፋበታል፤ ሌሎቹ ይቁነጠነጣሉ፥ አንዱ ይተነፍሳል፥ አንዱ ይስቃል። በሜዳውም እንዲሁ ነው፤ ከኋላው የሚቆጡትን የሰማ ተጫዋች ይደናገጥና የባሰ ይዘገያል። ልጁን አቋርጦ ሌላውን ማስነሣት ክፍሉን ያፈጥነዋል፤ ያ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም። ክፍሉን ሁሉ ለእርሱ ብሎ ሥራ ፈት ማድረግም ለሌሎቹ አይገባም። የሚሻለው ለሚጠብቁት አንዳች የሚጠብቁት ነገር መስጠት ነው፤ ጣታቸውን በቀጣዩ መስመር ላይ አኑረው በልባቸው እያነበቡ ይቆዩ፤ አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ ሲጠፋበት ብቻ፥ በለሆሳስ፥ አንድ ፊደል ትንገረው።