«አላየህም?»

በፓሊ ቋንቋ ተጽፈው ከቆዩልን የቡድሃ ስብከቶች አንዱ የሙታንን ንጉሥ ያማን በችሎቱ ላይ ያሳየናል። በክፋት የኖረ ሰው ይሞትና የሲኦል ዘበኞች ክንድና ክንዱን ይዘው ፊቱ ያቆሙታል። ያማ አይቆጣም፤ የክስ ዝርዝርም አያነብም። ወደ ሰዎች መካከል የመጡትን መልእክተኞች አላየህም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አላየሁም ይላል። ያማም አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። በገዛ እድፉ ላይ በጀርባው የተጋደመ ጨቅላ ሕፃን አላየህም? ወገቡ ጎብጦ በትር ተደግፎ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌስ? ሌላ ሰው ካላነሣው መነሣት የማይችል በሽተኛስ? በንጉሥ ትእዛዝ የሚገረፍ ሌባስ? ሞቶ ሁለት ሦስት ቀን የሆነው፣ ያበጠ ሬሳስ? ሰውየው ለእያንዳንዱ አዎ፣ አይቻለሁ ይላል። ታዲያ ይህ በእኔም ላይ ይደርሳል፣ ሳይመሽብኝ በጎ ልሥራ ብለህ አላሰብህም? አላሰብሁም ጌታዬ፣ ቸልተኛ ነበርሁ። ያማም ይህን ሥራ የሠራው አባትህ ወይም እናትህ ወይም ወንድምህ አይደለም፣ ራስህ ነህ፣ ፍሬውንም የምትቀምሰው ራስህ ነህ ይለዋል። ከዚያ ዝም ይላል።

ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን የጋለ የብረት ችንካርና የሚነድ ወለል ብዙ ሃይማኖቶች ውስጥ እናገኘዋለን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ዝምታው ነው። ዳኛው የሚጨምረው የለውም፤ ተከሳሹ አይቶ እንዳላየ መኖሩን በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ከመልእክተኞቹ መካከል ደግሞ ሕፃኑ መኖሩን ልብ በሉልኝ። ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ ሞትን ያስታውሳሉ፤ ይህ ይገባናል። ሕፃን ምን ሊል ተላከ? ሰው ሁሉ አንድ ቀን በእድፉ ላይ ተጋድሞ እንደነበረና አንድ ሰው አንሥቶ ስላጠበው እንደተረፈ ሊናገር የተላከ ይመስለኛል።

ይህን «ሲኦል» ብዬ ስጠራው አንድ ስሕተት ይዤ እንደምገባ አውቃለሁ። ሲኦልም ገሃነምም ከዕብራይስጥ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ ገሃነም ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ስም የመጣ ነው። እነዚህ ቃላት በእኛ ጆሮ የፍጻሜ ድምፅ አላቸው። በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉ ጠፋ ማለት ናቸው። የሳንስክሪቱ ነረካና የፓሊው ኒራያ ግን መውጫ አላቸው። ከብዙ የልደት ስፍራዎች አንዱ ናቸው፤ ክፉው ሥራ ሲያልቅ በዚያ የነበረው ሌላ ቦታ ይወለዳል። በእርግጥ መውጫው ቅርብ አይደለም። ቡድሃ የአንዱን ሲኦል ርዝመት ሲያስረዳ አንድ ጋሪ ሙሉ ሰሊጥ አስቡ ይላል። በየመቶ ዓመቱ አንድ ሰው መጥቶ አንዲት ፍሬ ብቻ ይወስዳል። ጋሪው ባዶ ሲሆን ያ የሲኦል ዘመን ገና አላለቀም። ሰሊጥ በመዳፉ ላይ አፍስሶ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቢሆንም ሰሊጡ ይቆጠራል፣ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ያልቃል። ያማ ራሱ እንኳ በዚያው ስብከት መጨረሻ ላይ ሰው ሆኜ ተወልጄ ትምህርቱን በሰማሁ እያለ ይመኛል። ዳኛው ራሱ ከዚያ መውጣት የሚመኝበት ሲኦል ነው።

በሂንዱዎቹ ዘንድ ያማ ከዚህ የቀደመ ታሪክ አለው። እጅግ ጥንታዊ በሆነው በሪግ ቬዳ ከሟቾች ሁሉ መጀመሪያ የሞተው፣ ለሌሎቹም መንገዱን ያገኘላቸው እሱ ነው። የፍርድ ወንበሩና የሰውን ሥራ ሁሉ የሚመዘግበው ጸሐፊው ቺትራጉፕታ የገነኑት ኋላ ነው። ከዚያ ሲኦሎቹ በዙ። የማኑ ሕግ 21፣ ባጋቫታ ፑራና 28 ይቆጥራል። ዝርዝራቸውን ሁሉ ማምጣት አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል። ሕይወት ያለውን እንስሳና ወፍ የቀቀለ ሰው ኩምቢፓካ በሚባለው ሲኦል በፈላ ዘይት ውስጥ ይቀቀላል። ከውጭ የመጣ ቅጣት የለም፤ ሰውየው የሚገባው በገዛ ድስቱ ውስጥ ነው። ስለ ነረካ በስፋት የሚናገረው ጋሩዳ ፑራና ደግሞ በብዙ የሂንዱ ቤቶች የሚነበበው በለቅሶ ሰሞን፣ ሐዘንተኞቹ በተሰበሰቡበት ነው። የሟቹ ጉዞ ይተረካል፤ የሚያዳምጡት ግን ገና ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

ሲኦልን የሚሠራው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣው በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረው የቡድሂዝም ሊቅ ቫሱባንዱ ነው። ይህ ሰው በሌላ ሥራው ስምንት የጋሉና ስምንት የቀዘቀዙ ሲኦሎችን በሥርዐት ዘርዝሯል። ከቀዝቃዞቹ የአንዳንዶቹ ስም የሚንገጫገጭ ጥርስ ድምፅ ነው፤ አታታ፣ ሃሃቫ፣ ሁሁቫ ይባላሉ። አንዱ ደግሞ ፓድማ፣ ማለትም ሎተስ የሚባለው የሰዎቹ ቆዳ በብርዱ ተሰነጣጥቆ እንደ ፈካ አበባ ስለሚቀላ ነው። እንዲህ አድርጎ የዘረዘረው ያው ሰው «ሃያ ስንኞች» ተብሎ በሚታወቀው ድርሰቱ አንድ የማያስተኛ ጥያቄ ያቀርባል። የሲኦል ዘበኞች ለምን አይቃጠሉም? ወለሉ የጋለ ብረት ነው፣ እነሱም ይቆሙበታል። ቢቃጠሉ ኖሮ እነሱም እስረኞች በሆኑ ነበር፤ ካልተቃጠሉ ደግሞ ያልበደሉ ሰዎች ሲኦል ውስጥ ምን ይሠራሉ? መልሱ ዘበኞቹ ከእስረኞቹ ሥራ ውጭ የራሳቸው ሕልውና የላቸውም የሚል ነው። የቀጪውን ዱላ የያዘው እጅ ከተቀጪው የኋላ ሥራ የበቀለ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በናላንዳ ገዳም የነበረው ሻንቲዴቫም የዚያን ብረት አንጥረኛ ቢፈልግ ከክፉ አእምሮ በቀር ሌላ አላገኘም።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ዘመናውያን ጸሐፊዎች እንግዲያው ሲኦል የአእምሮ ሁኔታ ብቻ ነው፣ ምሳሌ ነው ብለው ይደመድማሉ። እኔ በ«ብቻ» አልስማማም። ቡድሃ ራሱ በአንድ አጭር ስብከቱ ተራ ሰው በባሕር ሥር መጨረሻ የሌለው ጥልቅ አለ ይላል፣ ጥልቁ ግን የሥጋ ሕመም ስም ነው ብሏል። ይህን ሲል ጥልቁን ማቅለሉ አይመስለኝም። ሌሊት በሕመም የተያዘ ሰው መሬቱ ከሥሩ ሲከዳው ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ምሳሌነቱ ስቃዩን አይቀንሰውም፣ ከባሕር ሥር አውጥቶ አልጋችን ላይ ያመጣዋል እንጂ።

ስለ አንድ ጎረቤቴ ልናገር። ሽባ ሆነው በራቸው ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ፀሐይ የሚሞቁ አባት ነበሩ። ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው አይለቁም ነበር፤ ቃል ለማውጣት ስለሚቸገሩ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። እኔም ሥራ በዛብኝ እያልሁ መንገዴን በታችኛው ቅያስ አደረግሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ዞርሁ። ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ ገብቼ ከሰው ጋር ተቀመጥሁ፤ ልጃቸው ቡና ስታቀርብልኝ አባቴ ስምህን ይጠራ ነበር አለችኝ። ስኒውን እንዴት እንደያዝሁት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ጆሮው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ነበረበት። የልጅቱ ቃል ክስ አልነበረም፣ ደግነት ነበር። ዘበኛ የሚባለው ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳይመታኝ ስመታ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የነረካ ትምህርት በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» ተብሎ ብቻ ሊነበብ የሚገባ ትምህርት ነው። ወደ ሦስተኛ መደብ፣ ወደ «እሱ» በተዛወረ ቅጽበት ጭካኔ ይሆናል። እኔ ራሴ የዘራሁትን አጭዳለሁ ማለት ሰውን ያነቃዋል። ያ በሽተኛ የዘራውን እያጨደ ነው ማለት ግን አልፎ ለመሄድ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ በአሳብ ብቻ የቀረ አደጋ አይደለም። በሕንድ ዝቅ ተደርገው የተፈረጁ ሚሊዮኖች ለዘመናት ከጉድጓድ ውኃና ከቤተ መቅደስ ሲከለከሉ፣ ባለፈው ልደታቸው የሠሩት ነው የሚል ማብራሪያ ነበረ። ከዚያ ወገን የተወለደው የሕግ ሊቅ ቢ. አር. አምቤድካር በታኅሣሥ 1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማሃድ በተባለች ከተማ ተከታዮቹን ሰብስቦ ያንኑ 21 ሲኦሎች የሚቆጥረውን የማኑ ሕግ በአደባባይ አቃጠለ። በጥቅምት 1956 ደግሞ ናግፑር ላይ ከመቶ ሺዎች ጋር ሆኖ ቡድሂስት ሆነ። ቡድሂዝምን ሲቀበልም ድህነትንና ውርደትን በቀድሞ ልደት ሥራ ማመካኘትን አልተቀበለም፤ ይህ አባባል የሚጠቅመው ከኃላፊነት ለሚያመልጥ ማኅበረሰብ ነው ባይ ነበር። እኔ ትክክል ነበረ እላለሁ። ያማም የሚመሰክርለት ይመስለኛል። በችሎቱ ላይ በሽተኛው የተጠራው በመልእክተኛነት ነው፤ ምን አድርጎ ታመመ የሚል ጥያቄ ከያማ አፍ አይወጣም። በደሉ የታወቀው፣ የሚገረፈው ሌባ እንኳ ከመልእክተኞቹ ተቆጥሯል።

በሕንድ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ማሃባራታ የተባለው ታላቅ የጦርነት ትርክት ማብቂያ ነው። ጦርነቱ አብቅቶ፣ መንግሥቱ ተትቶ፣ ንጉሥ ዩዲሽቲራ ከአራት ወንድሞቹና ከሚስታቸው ከድራውፓዲ ጋር ወደ ሂማላያ ይወጣል። እየተራመዱ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። እሱና አንድ ውሻ ብቻ ይቀራሉ። የአማልክቱ አለቃ ኢንድራ በሠረገላ ሊወስደው ሲመጣ ዩዲሽቲራ ውሻውን ትቼ አልሄድም ይላል። ይህ ክፍል በብዙዎች ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይበልጣል።

ሰማይ ሲደርስ የመጀመሪያው የሚያየው ጠላቱን ዱርዮዳናን ነው፣ በክብር ወንበር ላይ። ወንድሞቹ የሉም። እነሱ ወዳሉበት ውሰዱኝ ይላል። መልእክተኛ ተሰጥቶት ይሄዳል። መንገዱ በደምና በሥጋ የሚያንሸራትት፣ ዝንብ የወረረው፣ ጨለማ ነው። የብረት አፍ ያላቸው ወፎች አሉ፤ የሚፈላ ወንዝ፣ ቅጠሉ ሰይፍ የሆነ ጫካ አለ። ሽታው ያጥወለውለዋል። መልእክተኛው እስከዚህ ነው የታዘዝሁት፣ ከደከመህ እንመለስ ይለዋል። ዩዲሽቲራም ፊቱን ያዞራል። ጻድቁ ንጉሥ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ታሪኩ ይህን አይደብቅም።

ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ ድምፆች ይለምኑታል። ጥቂት ቆይልን፣ አንተ ስትመጣ ነፋሻ አየር መጣልን፣ ስቃዩ ቀለለልን ይሉታል። እሱም ይቆማል። ሲቆም ማን እንደሆኑ አያውቅም። ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር አልለያቸውም። ከቆመ በኋላ ነው እነማን ናችሁ ብሎ የጠየቀው፤ ያን ጊዜ ካርና ነኝ፣ ቢማ ነኝ፣ አርጁና ነኝ፣ ድራውፓዲ ነኝ የሚል የወንድሞቹንና የሚስቱን መልስ የሰማው። አማልክቱንም ሕጋቸውንም ይራገማል። ለመልእክተኛው ወደ ላኩህ ተመለስ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፣ መኖሬ ያሳርፋቸዋልና ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ አማልክቱ ይደርሳሉ፤ ጨለማው፣ ወንዙ፣ ጫካው ሁሉ የለም። ኢንድራ ያስረዳዋል። በጦርነቱ ጊዜ ስለ ልጁ ሞት መምህርህን ድሮናን በማታለል አናግረኸዋል፣ ስለዚህ አንተም በማታለል ሲኦልን አየህ ይለዋል። ይህ ማብራሪያ የሂሳቡን መዝገብ ይዘጋል። እኔ ግን የማስበው እነዚያን ጥቂት ጊዜያት ነው። እነማን እንደሆኑና ምን እንዳደረጉ ሳያውቅ የቆመባቸውን።

ማሃያና የተባለው ወገን ቡድሂስቶች ከሚሠቃዩት ጋር የመቆምን አሳብ እስከ ጫፉ ወስደውታል። ሲኦል ባዶ ሳይሆን ቡድሃ አልሆንም ብሎ የማለውን ክሺቲጋርባን ያከብራሉ። ጃፓኖች ጂዞ ይሉታል፤ በድንጋይ ሐውልቱ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው በየመንገዱ ዳር ያቆሙታል።

ያማ የቆጠራቸው መልእክተኞች ወደ እኛም አገር መጥተዋል። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ በጉዞው መልኩን እየለወጠ ፋርስና ዐረብ ደርሶ የክርስቲያን ገድል ሆነ፤ «ቦዲሳትቫ» የሚለው ማዕርግም ተለውጦ ተለውጦ «ይዋስፍ» የሚል የልዑል ስም ወጣው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በዚያ ታሪክ አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይ በቤተ መንግሥት ያሳደገው ልዑል አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምተኞችን ያያል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጥርሱ የረገፈ፣ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል። ልዑሉ እነዚህ ሰዎች ምን በድለው ነው ብሎ አልጠየቀም። ስለ ሽማግሌው፣ ይህ በሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል ወይ ብሎ አሽከሮቹን ጠየቀ፤ አዎ ሲሉት ስለ ገዛ ሞቱ እያሰበ ወደ ቤቱ ተመለሰ።