የእናት ክብር በምን ይታወቃል?

ልጆቼ ሆይ፤ «እናት ታጋሽ ናት» ማለት የተለመደ ምስጋና ነው። ነገር ግን ምስጋናው ራሱ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሮቤና በጎባ ገጠር እናት ልጅ አዝላ ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ ከገብሱ አረም ስትውል የሚደነቅ የለም። ደከመኝ ብትል ግን «ምን ዓይነት እናት ናት?» ትባላለች። ትዕግሥትን ማመስገን ሌላ፥ በታጋሽ ላይ መጫን ሌላ ነው።

የአርሲና የባሌ ኦሮሞ አበው የእናትን ክብር በቃል ብቻ አልተዉትም። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባለውን በትር ትሰጣታለች። የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባለውን ምልክት በግንባሯ በምታስርበት ወራት ባሏ እንዳይመታት፥ እንዳይሰድባትም በሥርዓቱ ክልክል ነው። ቢተላለፍ ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው፥ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም በሽማግሎች ፊት ይክሳል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ዱላን ከለከለ እንጂ ሸክምን አላካፈለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሲፈቅድ፥ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ነው። በእርሻ የምትኖር እናት ግን ቅጥር ስለሌላት ይህም አይደርሳትም፤ ዕረፍቷ በቤተ ሰቧ እጅ ነው።

ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ ውሃ ቀድተው የሚያረፍዱት ሴቶቹ ነበሩ፤ ወንድሞቻቸው በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። እናትነት የሚለመደው እንዲህ ከልጅነት ነው። ስለዚህ እናቱን የሚያከብር ወንድ ልጅ አስቀድሞ ጀሪካኑን ይቀበላት፤ ምስጋናው ከዚያ በኋላ ያምራል።