ለፎቶግራፍ የተሰናዳ ፊት ሐሰት ነውን?

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፥ በጋይንት በነፋስ መውጫ፥ በስማዳ በወገዳ፥ በእስቴም በመካነ ኢየሱስ፥ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፥ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሱ ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት ወደ ፎቶ ቤት ሄደው ለመታሰቢያ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሴት ልጅ ከሆነች አስቀድማ በመስተዋት ፊት ተቀምጣ ጠጕሯን ታበጃለች፥ ዓይኗን ትኳላለች፥ ዛሬ ሜካፕ የሚባለውን የፊት ዱቄትና የከንፈር ቀለም ትቀባለች። ይህን ያዩ አንዳንድ ሽማግሎች፥ «ሥዕሉ ለምስክርነት የሚቀር ከሆነ፥ የተቀባ ፊት እንዴት ምስክር ይሆናል?» ይላሉ። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥያቄው ከልጂቱ መስተዋት አልፎ ይሄዳል። ሰው ሊታይ በወደደው አኳኋን ተሰናድቶ ሲቀርብ ራሱን ገለጠ ወይስ ሸሸገ?

መጻሕፍትን ለሚያውቅ ሰው መልሱ በቶሎ አይገኝም። ኤልዛቤል ዓይኗን ተኩላ፥ ራሷን አስጊጣ በመስኮት ብቅ ማለቷ ለነቀፋ ይነገራል። አስቴር ግን ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፥ ስድስት ወርም በሽቱ ከተሰናዳች በኋላ ወደ ንጉሡ መግባቷ ለሕዝቧ መዳን ምክንያት ሆነ እንጂ አላስነቀፋትም። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የጿሚው ነገር ነው። የሚጾም ሰው ራሱን እንዲቀባ፥ ፊቱንም እንዲታጠብ በወንጌል ታዝዟል፤ ይኸውም ጾሙ በሰው ዘንድ እንዳይታወቅ ነው። እንግዲህ ፊትን ማሳመር የውስጡን ይሸፍናልና ሐሰት ነው የሚል ሰው ይህን ትእዛዝ ምን ሊለው ነው?

የአገሩ እናቶችስ? በግንባራቸው መስቀል፥ በአንገታቸው ዙሪያ ተርታ ንቅሳት ያለባቸው፥ ድዳቸውንም የተነቀሱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ሁሉ በመርፌ የተወጋ፥ ደም የፈሰሰበት ጌጥ ነው። በሰርግና በዓመት በዓልም ቅቤ ይቀባሉ፥ እንሶስላ ይሞቃሉ፥ ይኳላሉ። ስለዚህ እናት ልጇን፥ «ፊትሽን ስለ ምን ነካካሽው?» ብትላት የገዛ አንገቷ ይመልስላታል። ልዩነቱ በሌላ በኩል ነው። የእናቲቱ ጌጥ ከሥጋዋ ጋር እስከ መቃብር ይሄዳል፤ የልጂቱ ግን ማታ በውሃ ይለቃል። ማታ የሚለቀውን የሚያጸናው ፎቶግራፉ ነው። የአንድ ሰዓት ፊት በግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ተሰቅሎ ይኖራል። ሽማግሎቹ የፈሩት ይህን ከሆነ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን የሥዕል እውነትነቱ በምን ይታወቃል? የድጓ ምስክር መምህራን ጉባኤ የታወቀባት የጋይንት ቤተልሔም ሊቃውንት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ፥ ሁለት ዓይኑ ተገልጦ ይሣላል፤ ዐመፀኛና ሰይጣን ግን ብዙ ጊዜ በጎን፥ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይሁዳ በተፈጥሮው አንድ ዓይን ነበረው ብሎ ሠዓሊውን የሚከስ የለም። ሠዓሊው የነገረን የሰውዬውን ማንነት ነውና። እቴጌ ምንትዋብም በጣና ውስጥ፥ በደቅ ደሴት፥ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን ሥዕል እግር በታች ተደፍተው ተሥለዋል። በትሕትና ቢደፉም የክብር ልብሳቸውን አላወለቁም። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበረው በአርመናዊው በቤድሮስ ቦያጂያን ፊት መኳንንቱ ሲቀርቡ ተሰናድተው ነበር እንጂ ከእንቅልፋቸው እንደ ተነሡ አልነበረም።

መሣሪያውስ ቢሆን የማያዳላ ምስክር ነውን? ባለፈው መቶ ዓመት የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር፤ ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ በእርሷ ቆዳ ስለ ተመዘነ የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ጨለማ ሆኖ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ጎልቶ ይወጣ ነበር። በኋላ ፊልሙ ሊሻሻል ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ቸኮላትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዕቃችን በሥዕል አልለይ አለ ብለው ማመልከታቸው እንደ ሆነ ይነገራል። የሰው ፊት ያላገኘውን ፍርድ ቸኮላት አገኘ። ዛሬም ቢሆን የመሣሪያው ብልጭታ በወዛም ግንባር ላይ ሲያርፍ ነጭ ነጥብ ይጥላል፤ ጥቂት ዱቄት ወዙን ቢያደርቀው የልጂቱን መልክ ይመልስላታል እንጂ አይወስድባትም።

ከዚህም ሁሉ በላይ ሥዕሉ ምን እንደሚመሰክር ማስተዋል ይገባል። ከገጠር የመጣች ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር በከተማ ቤት ተከራይታ፥ ስንቋን ከወላጆቿ ቤት ተሸክማ እየተመላለሰች ትማራለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፥ ይኸውም በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፥ በመላ ኢትዮጵያ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከተለው ፈተናም 3.2 ሆነ። እንግዲህ ለብዙዎቹ ያች ፎቶግራፍ የአሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ብቸኛ መታሰቢያ ሆና ልትቀር ትችላለች። የድካሙን ፊት እናቷም ጎረቤቷም በየቀኑ አይተውታል፤ ለእርሱ ፎቶ ቤት መሄድ አያሻም። ልጂቱ በዚያ ቀን ልታቆየው የፈለገችው ሌላውን ፊቷን፥ ከደረሰችበት የቆመችበትን ነው። ይህን ሐሰት ማለት የበዓል ልብስን ሁሉ ሐሰት ማለት ነው።

ዳሩ ግን ወሰን አለው። ጠይሟ ልጅ በሥዕሉ ላይ ቀይ ሆና ለመታየት ስትሻ፥ ነገሩ ከማማር ወደ ማፈር ይዞራል። አንዳንዶቹ ለዚህ ሲሉ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ይገዛሉ፤ ከቅባቶቹ ባዜቃ ያለባቸው ኩላሊትን የሚጎዱ ናቸው፥ በ2006 ዓ.ም. በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ውልም እንዲቀሩ ካዘዛቸው ዕቃዎች መካከል ናቸው። ንቅሳትም አለ። ሳትጠየቅ በልጅነቷ የተነቀሰችውን የግንባር መስቀል በዱቄት ብትሸፍን፥ በገዛ ግንባሯ ማዘዟ ነውና ፈርዶ መንቀፍ ይከብዳል። ነገር ግን እናቷ ከስማዳ ገጠር ድረስ በእግሯ መጥታ ከጎኗ ልትነሣ በቆመች ጊዜ፥ «እማዬ፥ አንገትሽን በነጠላ ሸፍኚው» ብትላት፥ ያን ጊዜ ሐሰቱ ጀመረ። ከፊቷ ላይ አንድ ነጥብ ቀለም ባይኖር እንኳ ሥዕሉ ሐሰተኛ ነው፤ የማን ልጅ እንደ ሆነች ክዳለችና።

በዚህ ነገር ፎቶ አንሺውም ያለ ተጠያቂነት አይቀርም። ዛሬ ቆዳን ማንጣት፥ አፍንጫን ማቅጠን፥ ጕንጭን ማለስለስ በኮምፒውተርና በሞባይል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ልጂቱ በመስተዋት ፊት የምትቀባውን ታየዋለች፥ ሲበዛም ትጠርገዋለች፤ እርሱ ግን ሳትጠየቅ የሌላ ሰው ፊት ሠርቶ ቢሰጣት ክፍያዋን ፈጽማ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች፥ አያቷም ሥዕሉን ወደ በር ብርሃን አውጥታ፥ «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ትላለች።

ስለ ወንዶቹ ልጆች ግን ነቀፋ አይሰማም። በፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ኮትና ከረባት ተውሶ መነሣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ይለብሰዋል፥ እጅጌው የሚረዝምበትም ክንዱን አጥፎ ይቆማል። በሥዕሉ ላይ ኮቱ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የጠየቀ ሽማግሌም የለም።