ጨዋታና ሥራ ባንድ ዕቃ ሲኖሩ

ሰው ለሚገዛው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱን ለሰው ይናገረዋል፥ ሁለተኛውን በልቡ ይይዘዋል። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ሲሆኑ በሰላም ይገዛል፥ በሰላምም ይጠቀማል። ሲለያዩ ግን ዕቃው ወደ ቤት ሳይገባ ሐሰት ቀድማው ትገባለች። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነገር ነው። ለምሳሌ እንዲሆነንም በዘመናችን በየቤቱ የሚታየውን አንድ ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም ፕሌይስቴሽንን ወይም ኤክስቦክስን የመሰለውን፥ ለጨዋታ ብቻ የተሠራውን ኮንሶል ትቶ፥ ለጨዋታም ለሥራም የሚሆን ኮምፒዩተር በገዛ እጅ ገጣጥሞ መያዝ ነው።

ምናልባት «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ለቁም ነገር ጽሕፈት አይገባም» የሚል አንባቢ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የተመለከተ ሰው፥ ወጣቱ በየጨዋታው እየከፈለ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያሳልፍባቸው ያውቃል። በነዚያ ቤቶች ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ሥራ ይዘዋል፥ ትዳር መሥርተዋል፥ ልጅ ወልደዋል፤ ጨዋታውን ግን አልተዉትም። እንግዲህ ነገሩ የልጅ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የቤት አስተዳደርና የልቡና ጉዳይ ሆኗል።

ከባልንጀሮቼ አንዱ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነው። በሳሎኑ ከቴሌቪዥኑ በታች ፕሌይስቴሽን 4 ነበረው፤ ማታ ማታ ከልጁ ጋር ይጫወትበት ነበር። በቤቱ ኮምፒዩተር ስላልነበረው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሚመጣለትን ሥራ መቀበል አልቻለም። ስለዚህ ኮንሶሉን ሸጦ፥ ካጠራቀመው ገንዘብ ጨምሮ፥ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ቈረጠ። ለባለቤቱም «ለሥራ ነው» አላት።

ይህ ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ፕላን ለመንደፍ የሚያስፈልገው ጥሩ ፕሮሰሰር፥ በቂ ራምና ትልቅ ሞኒተር ነው። እሱ ግን ከዝርዝሩ ሁሉ አብልጦ ገንዘብ የመደበው ለግራፊክስ ካርዱ ነበር። ያ ካርድ የሕንፃውን መልክ በሥዕል አስመስሎ ለማውጣት ይረዳል፤ ነገር ግን እሱ የመረጠው ዐይነት ከሥራው ፍላጎት እጅግ የሚበልጥና ለጨዋታ ተብሎ የተመረጠ ነበር። በዚህም ምክንያት፥ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሥራን ከመጥፋት የሚያድነውን ዩፒኤስ ከዝርዝሩ ሰረዘው። ባለቤቱ ወረቀቱን አይታ «ለሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንት ይበቃ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አጣ። በማግሥቱ ዝርዝሩን እንደገና ጻፈው፤ በአንድ በኩል ለሥራ የሚገባውን፥ በሌላ በኩል ለጨዋታ የሚገባውን ለይቶ አሳያት። ያን ጊዜ ካርዱ አነሰ፥ ዩፒኤሱም ተመለሰ። እሷም የጨዋታውን ድርሻ አልነፈገችውም። የከፋት የጨዋታው ወጪ አልነበረም፤ ጨዋታው የሥራን ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃዎቹ ባሕርይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኮንሶል ከኮምፒዩተር የተለየ ፍጥረት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ሁለቱም የሚሠሩት ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በነደፈው ፕሮሰሰር ነው፤ ይኸው ኩባንያ ለኮምፒዩተር የሚሆነውን ዘመዱን በገበያ ይሸጣል። ዋናው ልዩነት የፈቃድ ነው። ኮንሶል የሚሠራው ሠሪው የፈቀደለትን ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ባለቤቱ የጫነበትን ይሠራል።

ኮንሶል በዋጋው የሚረክሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሠሪዎቹ ዕቃውን በጥቂት ትርፍ፥ አንዳንድ ጊዜም በኪሳራ ይሸጡና ትርፋቸውን ከጨዋታው ሽያጭና ከደንበኝነት ክፍያ ይሰበስባሉ። ከ2013 ጀምሮ በፕሌይስቴሽን 4 ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት፥ ከጥቂት ጨዋታዎች በቀር፥ እንዲህ ያለ ክፍያ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የያዘ ሰው ለዚህ የተለየ ክፍያ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ዕቃውን ሲገዛ ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል።

የፈቃድ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ እንማራለን። ይህ ዕቃ በ2006 ሲወጣ፥ ባለቤቱ ቢፈልግ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሊጭንበት ይችል ነበር፤ ስለዚህ ጨዋታም ሥራም ባንድ ላይ ነበረው። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ክፍል እንኳ ከ1,700 የሚበልጡ ፕሌይስቴሽን 3 አያይዞ በ2010 አንድ ታላቅ የስሌት መሣሪያ አቁሟል። ነገር ግን በዚያው ዓመት፥ በአፕሪል 1 ቀን፥ ሶኒ ለደኅንነት ሲል መሆኑን ገልጾ ባወጣው 3.21 በተባለ ማሻሻያ ይህን ችሎታ አነሣው። ማሻሻያውን የተቀበለ ሰው ሊኑክሱን ያጣል፤ ያልተቀበለ ደግሞ በሶኒ መረብ መጫወቱን ያጣል። ገዢዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክርክሩም ከብዙ ዓመት በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ ሰው በሳሎኑ አስቀምጦ የኔ ነው የሚለው ዕቃ፥ ከሩቅ በተላከ ትእዛዝ ከችሎታው ግማሹን ሊያጣ ይችላል።

የኮምፒዩተር ታሪክ በሌላ መንገድ መጣ። በ1975 አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒዩተር፥ ገዢው ራሱ በየዶ እንዲገጣጥመው ክፍል ክፍሉ ተለይቶ ይሸጥ ነበር። በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የአሠራሩን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ አቀረበ፤ ስለዚህ ሌሎች ኩባንያዎች ከርሱ ጋር የሚስማማ ክፍል ለመሥራት ቻሉ። ዛሬ ማዘርቦርዱን ካንዱ፥ ራሙን ከሌላው፥ ካርዱን ከሦስተኛው ገዝቶ ማስማማት የሚቻለው ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

የእኛ ገበሬ ይህን ነገር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሞፈሩን ቈርጦ ያመጣል፥ ድግሩን ይጠርባል፥ ቀንበሩን ያለሰልሳል፤ ማረሻውን ግን ከባለ እጅ ይገዛል። ብረቱን እሱ ስላላቀለጠው መሣሪያው የርሱ አይደለም የሚል የለም። ድግሩ ቢሰበር ድግሩን ብቻ ይለውጣል፤ በሬው ቢቸገር ከቀንበሩ ይሁን ከሞፈሩ ዐይቶ ያውቃል። ዕቃን የራስ የሚያደርገው የተከፈለው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በተበላሸ ጊዜ ሕመሙን ለይቶ ማወቅም ነው።

ባልንጀራዬም ይህን ዕውቀት ያገኘው በስሕተት ነው። ካርዱን ዘመድ ከዱባይ ይዞለት መጣ፤ የቀረውን ከከተማው ሱቆች ለቃቀመ። ቅዳሜ ማታ ካቻቢቴውን ይዞ ተቀመጠ። ፕሮሰሰሩን በቦታው አኖረ፥ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀባ፥ ማቀዝቀዣውን በብሎን አሰረ፥ ራሙን ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫነው። ኤሌክትሪኩን ሲያበራ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፥ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ሆነ። ሁለት ሰዓት ያህል እየፈታ ሲያስር ቈየ፤ የካርዱን ሻጭ በልቡ ረገመ። በመጨረሻ የማዘርቦርዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያነብ፥ የሞኒተሩን ገመድ መሰካት ከነበረበት ከካርዱ ትቶ በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሰካው አገኘ። ስሕተቱ የርሱ ነበረ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ኮንሶል እንዲህ ያለ ትምህርት አይሰጥም፤ ሲበላሽም ሰው የሚወቅሰው ሌላውን ነው። በገዛ እጁ የሠራ ግን አስቀድሞ ራሱን መመርመር ይማራል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ኮምፒዩተሩን አመስግነን ኮንሶሉን የምንነቅፍ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ አይደለም። የኮምፒዩተር ባለቤት ነጻነትም ወሰን አለው፤ ዕቃው የርሱ ቢሆንም በውስጡ ያለው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የተፈቀደለት እንጂ የተሸጠለት አይደለም። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተባለውን ጨዋታ በ2024 ሲዘጋው፥ በኮንሶልም በኮምፒዩተርም የገዙት ሁሉ እኩል አጥተውታል። ኮንሶልም የራሱ ምስጋና አለው፤ ርካሽ ነው፥ ብዙ ዕውቀት ሳይጠይቅ ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው ልብ የማይለው አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ እሱም ግልጽነቱ ነው።

ባልንጀራዬ በኮንሶሉ ሲጫወት ቤተ ሰቡ ሁሉ ያየው ነበር። ጨዋታው በሳሎን ነው፤ ልጁ ከጎኑ ይቀመጣል፤ መጫወቻው ሲጠፋ ጨዋታው አለቀ። አዲሱ ኮምፒዩተር ግን በጓዳ፥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። አሁን በሩን ዘግቶ «ሥራ አለብኝ» ሲል ሥራ ይሁን ጨዋታ የሚያውቅ እሱ ብቻ ሆነ። ለዐሥር ደቂቃ ብሎ የከፈተው ጨዋታ ሌሊቱን ይወስዳል፤ ለሰኞ የተቀጠረ ፕላን ለኀሙስ ይተላለፋል። አንድ ማታ ባለቤቱ ሻይ ይዛ በሩን ስትከፍት፥ ጣቱ ሳያስበው ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ጨዋታውን በፕላኑ ሸፈነው። እሷ አላየችም። እሱ ግን ራሱን አየ። «የከለከለኝ ሰው ሳይኖር ከማን ተደበቅሁ?» ብሎ እጅግ እንዳፈረ ነግሮኛል።

የጥያቄያችን ሥር ይህ ነው። ቀድሞ በሥራና በጨዋታ መካከል ያለውን አጥር የሚያጥረው ዕቃው ራሱ ወይም ወቅቱ ነበር። የገበጣ ጕድጓድ ለገበጣ እንጂ ለሌላ አይሆንም። የገና ጨዋታ ገና ሲደርስ በሜዳ ይጫወቱታል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ዱላው ይቀመጣል። ሰው ራሱን መግዛት ባይችል እንኳ ወቅቱና ዕቃው ይገዙት ነበር። ሁሉን የሚሠራ ዕቃ ሲመጣ ግን አጥሩ ከዕቃው ተነቅሎ ወደ ሰው ልቡና ተዛወረ። በልቡናው አጥር የሌለው ሰው፥ ነጻነት አገኘሁ ሲል ጠባቂውን ማጣቱ ነው።

«እንግዲያው ጨዋታውን ፈጽሞ መተው አይሻልምን?» የሚል ቢኖር፥ እንዲህ አንልም። በሬም በቀትር ከቀንበር ይፈታል። አርስጣጣሊስም ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ ጨዋታን እንደ ዕረፍት ይቈጥረዋል፤ ሰው የሚያርፈው ለሥራ እንዲበረታ እንጂ የሚሠራው ለመጫወት ብሎ እንዳልሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ጨዋታ በገዛ ስሙ ሲጠራ ዕረፍት ነው፤ በሥራ ስም ሲጠራ ግን ሥራውንም ዕረፍቱንም ያበላሻል። ተደብቆ የሚጫወት ሰው አላረፈም፤ እየፈራ የሚያርፍ የለምና።

ባልንጀራዬ ኮምፒዩተሩን አልሸጠም። ጠረጴዛውን ከጓዳ ወደ ሳሎን አወጣው። በኮምፒዩተሩም ላይ ሁለት መግቢያ አበጀ፤ አንዱ ለሥራ፥ ሌላው ለጨዋታ፤ ካንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ቃሉን መጻፍ አለበት። ይህ ትንሽ አጥር ነው፤ ልቡ ከፈቀደ ባንድ ደቂቃ ይዘለዋል፥ አንዳንድ ቀንም እንደሚዘለው አይክድም። ነገር ግን ሲዘለው እየዘለለ መሆኑን ያውቃል። ከዚህም የሚበልጥ ጠባቂ አግኝቷል። ትንሹ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በወንበሩ አጠገብ ቆሞ «አባዬ፥ አሁን ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ የለም፤ ባንድ ቃል መመለስ ያስፈልጋል።

በየቤታችን ኮምፒዩተር ባይኖርም ይህ ጥያቄ አለ። በእጃችን የያዝነው ስልክ እንኳ ያው ሁለት ፊት ያለው ዕቃ ነው፤ መልእክት እንጽፍበታለን፥ ቀኑንም እናሳልፍበታለን። እንግዲህ ዕቃ ስንገዛ ምክንያቱን ሁሉ ባንድ ወረቀት ላይ በግልጽ እንጻፍ፤ ስንጠቀምበትም የምንሠራውን በስሙ እንጥራው። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢሠራም ይጠቀማል፥ ቢጫወትም ያርፋል።